ከፖንቴዴራ እስከ ዲላ፦ የትንሿ ሞተር ስደት

«ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱ ስለ እርሻ የተነገረ ቢመስልም፣ እኔ ሰሞኑን ደጋግሜ ሳሰላስለው የሰነበትሁት ስለ መንገድ ነው። ሰው ከተወለደበት ቀዬ ወጥቶ በባዕድ ምድር ሲኖር ሦስት ነገሮችን ይመርጣል፤ የሚያድርበትን፣ የሚበላውን፣ የሚሄድበትን። ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተዚሟል። ሦስተኛው ግን የነጋዴና የመካኒክ ጉዳይ ተደርጎ ተትቷል። ውድ አንባብያን፣ በዚህች አጭር ጽሑፍ የዚህን ሦስተኛ ምርጫ ታሪክ፣ በተለይም በልጅነታችን ከድምፅዋ ተነሥተን «ዶቅዶቄ» ያልናትን የትንሿን ሞተር ታሪክ ላጫውታችሁ እወዳለሁ።

ነገሩን ያነሣብኝ ካምፓላ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ለሀገር ልጆችና ለምግብ ቤቶች እንጀራ እያደረሰ ሊተዳደር አስቧል። ለዚህም የሦስት ዓመት ቁጠባውንና አንድ የእቁብ እጣ በአንድነት ይዟል። ሁለት ሞተሮች ቀርበውለታል። አንደኛዋ ቀለሟ የሚያበራ፣ ጎማዋ ትንንሽ የሆነ ስኩተር ናት። ሁለተኛዋ ብዙ እጅ ያለፈባት፣ መልኳ የገረጣ ባጃጅ ቦክሰር ናት። «ጋሼ፣ አንተ ባንክ ቤት የምትሠራ፣ መጽሐፍም የምታገላብጥ ሰው ነህ፤ የቱን ልግዛ?» ሲል ጻፈልኝ። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ሆኖም የማላውቀውን ነገር ስጠየቅ ወደ ታሪክ መሄድ ልማዴ ነውና፣ ምን ያህል ሰው ከእርሱ በፊት በዚህ መንታ መንገድ ላይ እንደቆመ ማገላበጥ ጀመርሁ።

ከሞተር በፊት በቅሎ ነበረች። በሀገራችን መኳንንት ዘንድ ፈረስ ለጦርነት፣ በቅሎ ለመንገድ ነበረች። ጌታው በበቅሎ ተቀምጦ ይጓዛል፤ ፈረሱ በሎሌ ተስቦ ይከተላል። ፈረስ ያማረ ነው፤ ሜዳ ላይ ይበርራል። ገደል አፋፍ ላይ ግን የምትታመነው በቅሎ ናት። እንግዶችም ይህንኑ ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1520 ምፅዋ የደረሰው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቡድን፣ ከመካከሉም መጽሐፉን የተወልን ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የዐፄ ልብነ ድንግልን ድንኳን ፍለጋ ያንን ሁሉ ተራራ የወጣው በበቅሎ ነው። ከሊዝቦን በባሕር የመጣ ሰው በሀገሩ የለመደውን ሳይሆን ምድሪቱ የምታዘውን መጫን ነበረበት። በባዕድ ሀገር መጓጓዣ ለመምረጥ ከዚህ የቆየ ትምህርት አላገኘሁም።

የትንሿ ሞተር ታሪክም የሚጀምረው ከወደቀ ፋብሪካ ነው። ሀገራችንን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ወርራ የቆየችው ጣሊያን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትሸነፍ፣ በቶስካና ውስጥ ፖንቴዴራ በምትባል ከተማ የነበረው የፒያጆ ፋብሪካ በቦምብ ፈርሶ ነበር። ይህ ፋብሪካ የጦር አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ከሽንፈቱ በኋላ ግን አውሮፕላን የሚያዝዝም የሚፈቅድም አልነበረም። ባለቤቱ ኤንሪኮ ፒያጆ፣ ደኻው ሕዝብ ሊገዛው የሚችል ቀላል መጓጓዣ እንዲነድፍለት ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የተባለውን የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ጠራው።

የሚያስደንቀው ዳስካኒዮ ሞተር ሳይክል የማይወድ ሰው መሆኑ ነው። ጎማዋ ሲተነፍስ ለመቀየር ታስቸግራለች፤ ሰንሰለቷ ልብስ ያቆሽሻል፤ እግር ከፍቶ መፈናጠጧም አይመችም ይል ነበር። ስለዚህ የሚጠላውን ሁሉ አስወግዶ ነደፋት። ሰንሰለቷን ነሥቶ ሞተሯን ከኋላ ጎማ ጋር በቀጥታ አገናኘው። እንደ ወንበር የሚቀመጡባት፣ ከፊቷ ጭቃ የሚከላከል ጋሻ ያላት አደረጋት። የፊት ጎማዋን እንደ አውሮፕላን ማረፊያ እግር ከአንድ ወገን ብቻ እንዲያዝ አድርጎ፣ እንደ መኪና ጎማ በቀላሉ የሚፈታ አደረገው። ፒያጆ የተነደፈችውን ባየ ጊዜ ተርብ ትመስላለች አለ ይባላል፤ ተርብ በጣሊያንኛ ቬስፓ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 1946 ፍሎረንስ ላይ የፈጠራ መብቷ ተመዘገበ። ባለ 98 ሲሲ ነበረች። በዚያው ዓመት 2,500 ያህል ብቻ ተሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1953 ኦድሪ ሄፕበርንና ግሪጎሪ ፔክ በፊልም ላይ ሮማን ሲዞሩባት ግን ዓለም ሁሉ ወደዳት። ከወንድማማቾቿ አንዷ፣ በእ.ኤ.አ. 1948 ለገበያ የቀረበችው ባለ ሦስት እግሯ አፔ፣ ስሟ ንብ ማለት ነው። ይህችን ንብ አትርሷት፤ ወደ በኋላ ወደ ዲላ ትመጣለች።

እዚህ ላይ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ የሆነ አንባቢዬ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እሻለሁ። ቬስፓ የተወለደችው ጣሊያኖች ከሀገራችን ከወጡ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ወራሪው ይዞት የመጣው ሌላ መኪናና ሌላ ሞተር ሳይክል ነበር። እነዚያ ብረቶች ዛሬ የሉም፤ ዝገው አልቀዋል። የቀሩት ቃላቱ ናቸው። ዲላ ከተማ ወደሚገኝ ማናቸውም ጋራዥ ብትገቡ፣ ጣሊያን ሀገር በካርታ እንጂ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ወጣት ስለ ፍሪሲዮን፣ ስለ ማርሽ፣ ስለ ካምቢዮ፣ ስለ ቸርኬ ሲያወራ ትሰማላችሁ። ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ ነው፤ ከኋላ የተሰቀለው ቁጥር ታርጋ ነው። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ይባላል፤ ማርሚታ በባለቤቶቹ ቋንቋ ትልቅ ድስት ነው። እሳት የሚረጨው ካንዴላ ደግሞ ሻማ ማለት ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ፍሬን ነው። ቃሉ በጣሊያንኛ ማቆሚያ ብቻ ሳይሆን በፈረስ አፍ የሚገባው ልጓምም ነው። ሞተረኛው ፍሬን በያዘ ቁጥር ሳያውቀው የበቅሎዋን ልጓም ይስባል።

የቬስፓ ጉድለት ከተወለደችበት መንገድ የመጣ ነው። ትንንሾቹ ጎማዎቿ ለተነጠፈ ድንጋይና ለአስፋልት የታሰቡ ናቸው። ጉድጓድ ሲያጋጥማት ትልቁ ጎማ የሚሻገረውን እርሷ ትገባበታለች። ይህን ያስተዋለ ሰው በሩቅ ምሥራቅ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. በ1956 መጨረሻ ሶይቺሮ ሆንዳና የሥራ ባልደረባው ታኬዎ ፉጂሳዋ ወደ አውሮፓ ተጓዙ። ፉጂሳዋ የሚፈልገው ተራ ሰው ሊነዳት የሚችል ትንሽ ሞተር ነበር። ሁለቱ በጀርመንም በጣሊያንም የተሠሩትን ቀላል ሞተሮች አዩ። አንዳቸውም ለጃፓን እንደማይሆኑ ፉጂሳዋ ፈረደ። በዚያ ዘመን የጃፓን መንገድ አብዛኛው አስፋልት ያልለበሰ ነበርና። ስለዚህ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው ሌላ ነደፉ። ጎማዋን ባለ 17 ኢንች አደረጉት፤ ሞተሯን ነዳጅ ቆጣቢ ባለ አራት ምት አደረጉት፤ የፊት ጋሻዋን ከፕላስቲክ ሠሩት። የእጅ ፍሪሲዮኗን አስቀርተው ማርሽ በእግር ብቻ እንዲቀየር አደረጉ። ምክንያቱም የጃፓን ምግብ ቤት ልጆች በአንድ እጃቸው የፓስታ ሳሕን ተሸክመው በሌላው ስለሚነዱ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1958 የወጣችው ሱፐር ካብ ይህች ናት። እ.ኤ.አ. በ2017 የተሠሩት ብዛት 100 ሚሊዮን ደረሰ። በሞተር የሚሄድ ነገር ሁሉ ተቆጥሮ በዚህ ብዛት የተሠራ አንድ ሞዴል የለም። እንጀራ ሊያደርስ ላሰበው ዘመዴ ይህ ታሪክ ቅርብ ነው። የዓለም ታላቋ ትንሽ ሞተር የተነደፈችው ለምግብ አድራሽ ልጅ፣ ለጠጠር መንገድ ነውና።

ሦስተኛው ምዕራፍ ሕንድ ላይ ተጻፈ። ባጃጅ የቤተሰብ ስም ነው። የቤተሰቡ አባት ጃምናላል ባጃጅ የማህተማ ጋንዲ የቅርብ ወዳጅና የነጻነት ትግሉ ደጋፊ ነበሩ። ድርጅቱ በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ከፒያጆ ፈቃድ አግኝቶ ቬስፓንና ባለ ሦስት እግሯን ሕንድ ውስጥ ይሠራ ነበር። ውሉ ሲያበቃ በእ.ኤ.አ. 1972 የራሱን ስኩተር አወጣ፤ ስሟንም ቼታክ አላት። ቼታክ እ.ኤ.አ. በ1576 በሃልዲጋቲ ጦርነት ቆስሎ ጌታውን ከሞት አውጥቷል ተብሎ የሚተረክለት የራና ፕራታፕ ፈረስ ነው። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ እያለ በፈረስ ስም ለሚጠራ ሕዝብ ይህ ስያሜ እንግዳ አይሆንም። ሕንዶቹ ፋብሪካ ቢያቆሙም ልባቸው ከፈረስ አልወረደም።

ያቺ ንብ ግን ስሟን ሳትይዝ ወደ እኛ መጣች። በሀገራችን ባጃጅ የድርጅት ስም መሆኑ ቀርቶ የነገር ስም ሆኗል። ሌላ ፋብሪካ የሠራትን ባለ ሦስት እግርም «ባጃጅ» ብለን እንሳፈርባታለን። አንድ የጋንዲ ወዳጅ ስማቸው በዲላ መናኸሪያ ከማለዳ እስከ ምሽት ሲጠራ ይውላል። የሰውም የቃልም ስደት እንዲህ ነው። ሲደርስ የነበረውን ትርጉም ጥሎ፣ የተቀበለው ሕዝብ የሰጠውን ይለብሳል።

አሁን ወደ ዲላ እንምጣ። ከተማችን ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። ባጃጅ የአስፋልትና የደልዳላ ሰፈር ናት፤ ቁልቁለትና ጭቃ ሲመጣ ትቆማለች። ከዚያ ወዲያ ያለው የባለ ሁለት እግሯ ግዛት ነው። ወደ ቡሌ ደጋ የሚወጣውን፣ ከወናጎና ከይርጋጨፌ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገነጠለውን መንገድ ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። የጌዴኦ ምድር እንሰት፣ ቡናና ታላላቅ ዛፎች ተደራርበው የሚኖሩበት የአትክልት ደን ነው። ይህ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሕዝቡ በሀገራችን እጅግ ተጠጋግተው ከሚኖሩት አንዱ ነው። መንገድ ለማስፋት እንሰት መቁረጥ ግድ ስለሚሆን፣ የቀበሌው መንገድ የእግረኛ መንገድ ሆኖ ይቀራል። በእግረኛ መንገድ ላይ የምታልፍ ሞተር የእግረኛ ስፋት ያላት ናት። ቀዩ አፈር ዝናብ ሲጠጣ ሳሙና ይሆናል። በዚያ ላይ አንድ ኩንታል ቡና፣ ወይም ሐኪም ቤት የምትወሰድ ነፍሰ ጡር ሴት ከኋላ ተጭና ሲወረድ፣ ፍሬንና ጎማ የጌጥ ጉዳይ እንዳልሆኑ እግዜር ያውቃል።

የቡና ወቅት ሲደርስ እኔ በምቀመጥበት መስኮት ፊት ብዙ ወጣት ይሰለፋል። ከሚያወጣው ገንዘብ ብዙው ወደ ሞተር እንደሚሄድ ከወሬያቸው እሰማለሁ። መሬቱ ተከፋፍሎ ተከፋፍሎ ለታናሹ ልጅ የማይተርፍበት ቤት ሞተር መሬትን ተክታ የምትገዛ ናት። ውርስ ያጣ ልጅ በሁለት ጎማ ላይ ውርስ ይሠራል። ዘመዴም ካምፓላ ሆኖ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እርሱ ያለው በሰው ሀገር መሆኑ ብቻ ነው።

ካምፓላ ደግሞ ከዲላ በአንድ መንገድ የምትገናኝ ናት። ይኸው በቤታችን ደጅ የሚያልፈው አስፋልት ሞያሌን ተሻግሮ፣ ማርሳቢትንና ኢሲዮሎን አቋርጦ ናይሮቢ ይገባል። ከዚያ ወደ ምዕራብ ሲታጠፍ ቡሲያ ከምትባል የኬንያና የኡጋንዳ የድንበር ከተማ ይደርሳል። በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ በዚህች ከተማ ሰዎች በብስክሌት ከኋላ ተፈናጠው ከአንዱ ኬላ ወደ ሌላው ይሻገሩ ነበር። ብስክሌተኞቹ መንገደኛ የሚጠሩበት ቃል ድንበር የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሲሆን፣ በሕዝቡ አፍ ተሽከርክሮ «ቦዳ ቦዳ» ሆነ። ብስክሌቱ ወደ ሞተር ተለወጠ፤ ስሙ ግን ጸና። ዛሬ ምሥራቅ አፍሪካ የሚሳፈርባት ሞተር በስሟ ድንበርን ሁለት ጊዜ ትጠራለች። ለስደተኛ ከዚህ የሚቀርብ ስም አላውቅም።

እንግዲህ ለመምረጥ መንገዱ ብቻ አይበቃም፤ ጠጋኙም አለ። እ.ኤ.አ. በ1952 ኤርኔስቶ ጉቬራ ከወዳጁ አልቤርቶ ግራናዶ ጋር ከአርጀንቲና የተነሣው በአሮጌ ባለ 500 ሲሲ ኖርተን ነበር። ስሟን «ኃያሏ» ብለዋት ነበር። ኃያሏ ግን ቺሊ ላይ ወደቀች፤ ተጓዦቹ የቀረውን አህጉር በእግርና በሰው መኪና ጨረሱት። ሌላው ሮበርት ፐርሲግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ከልጁ ጋር በአንዲት መካከለኛ ሆንዳ ረጅም መንገድ ተጉዞ በ1974 የታተመውን ዝነኛ መጽሐፉን ጻፈ። በመጽሐፉ ውስጥ ውድ ቢኤምደብልዩ የያዘ ወዳጁ የላላውን መሪውን በቢራ ጣሳ ቁራጭ እናጥብቀው ሲባል ይከፋዋል። ጣሳው ሥራውን ይሠራ ነበር፤ የተጎዳው ክብሩ ነው። እኔ ከሁለቱ የተረዳሁት አንድ ነው። በባዕድ ሀገር የምትጠቅምህ ሞተር ስትሰበር በሰፈርህ የሚታወቅላት፣ ጣሳ ብትሸጎጥባት የማታፍር ናት።

ይህን ሁሉ ካገላበጥሁ በኋላ ለዘመዴ የጻፍሁለት መልስ አጭር ነበር። «ከሞተሩ ነጋዴ በፊት ከቤትህ በታች ያለውን መካኒክ ጠይቅ። በሳምንት ስንት ቦክሰር፣ ስንት ስኩተር እንደሚፈታ ይነግርሃል፤ መለዋወጫው የት ሱቅ እንደሚገኝም ያውቃል። እንጀራ የምታደርስባቸውን ሰፈሮች በእግርህ ዙር፤ ኮረብታና ቀይ አፈር ከበዛባቸው ትልቅ ጎማ ያላትን ያዝ። ተቀምጠህባት ሁለቱም እግሮችህ መሬት ካልረገጡ ተዋት፤ ዕቃ ስትጭን ትጥልሃለች። የባለቤትነት ወረቀቱ በሻጩ ስም መሆኑን ሳታይ ገንዘብ አትቁጠር፤ በሰው ሀገር ያለ ወረቀት የተያዘ ሰው ጠበቃው ሩቅ ነው። ገንዘብህን ሁሉ በሞተሯ ላይ አታውል፤ ከዐሥር ሁለቱን ለራስ ቁር፣ ለመድንና ለመጀመሪያው ብልሽት አስቀምጥ። ይህን የምልህ በባንክ ሠራተኛነቴ ነው። ደግሞም እዚያ መንገዱ በግራ ነው፤ ለአንድ ወር ጠዋት ጠዋት ከመነሣትህ በፊት ይህን ለራስህ ንገረው።»

ስለ ግራው መንገድ ስጽፍለት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ኢትዮጵያም እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ትነዳ ነበር። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ካምፓላ ላይ የሚይዘው ወገን አያቶቻችን የያዙት ወገን ነው። ባዕድ ያልነው አንዳንዴ የረሳነው የራሳችን ነው።

ዘመዴ የገረጣችውን ቦክሰር ገዛ። እስከ ዛሬ እንጀራው በሰዓቱ ይደርሳል፤ እርሱም በሰላም ይገባል። ለእኔ ከግጥም መድብል የማላሳንሰው ዜና ነው።

ሕግ ግን ከመንገድም ከጎማም በላይ ይለዋወጣል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ልዩ ፈቃድ ከሌላቸው በቀር ሞተር ሳይክሎች እንዳይንቀሳቀሱ ከለከለች፤ ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ወንጀል ነው ተባለ። ብዙ ወጣት እንጀራው በአንድ ማስታወቂያ ቆመ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ፤ ከዚያ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ባለ ሁለት እግሮችም በከተሞች እየታዩ ነው። እነዚህ አዳዲሶች ማርሚታ የላቸውም፤ ካንዴላም የላቸውም። ፍሪሲዮንና ካምቢዮም ከእነርሱ ጋር ከጋራዡ ቋንቋ ቀስ በቀስ ይወጡ ይሆናል። ከዘጠና ዓመት በፊት ከጦር ጋር የገቡ ቃላት ያለ ጦር ይሸኛሉ። ዶቅዶቄ ራሷ ድምፅ ካጣች ስሟን ከየት ታመጣለች?

ፍሬን ግን ይቀራል። ሞተሯ ነዳጅ ትጠጣ ወይም መብራት፣ ከቶስካና ትምጣ ወይም ከቻይና፣ ከቡሌ ቁልቁለት ላይ የሚወርድ ልጅ እጁ የሚጨብጠው ያንኑ የበቅሎዋን ልጓም ነው።